ስለ ራኖክ ሙር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ የስኮትላንድ ረግረግ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሙር የሚሉት ዛፍ የሌለውን ገላጣ መሬት ነው። ክረምት ስንል የዚያን አገር ብርዳማ ወራት፣ በጋ ስንል ሞቃቶቹን ወራት ማለታችን ነው።

ራኖክ ሙር የት ነው?

ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሃይላንድስ በሚባለው ተራራማ ክፍል ነው። ከግላስጎው ወደ ፎርት ዊሊያም የሚሄድ ሰው በመኪናም በባቡርም ያቋርጠዋል። ስፋቱ 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በአማካይ 300 ሜትር ቢሆን ነው። ዙሪያውን ግን ተራራ ከቦታል።

በምዕራብ ጫፉ ቡካይል ኤቲቭ ሞር ብቻውን ተገትሮ ይታያል። ሰማዩ ከጠራ በምሥራቅ በኩል ሺሃሊየን ይታያል። ይሄኛው ተራራ የራሱ ታሪክ አለው። በ1774 ኔቪል ማስክላይን የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ እዚህ መጥቶ፣ ተራራው የተንጠለጠለ ቱንቢን ምን ያህል ወደ ራሱ እንደሚስብ ለካ። የመሬት ክብደት የተሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። ስሌቱን የሠራው ቻርለስ ሃተን ሥራው ሲወሳሰብበት፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር ማገናኘት ጀመረ። ዛሬ በየካርታው ላይ የምናየውን የከፍታ መስመር ቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

መሬቱ ሜዳ ነው፣ ረግረግ ነው ወይስ ሐይቅ?

ሦስቱንም ነው። ከመኪና መስኮት ቡናማ ሜዳ ይመስላል። ወርደው ሲራመዱበት ውሃ ጫማ ውስጥ ይገባል። ሎክ ባ እና ሎክ ሌይደን ትልልቆቹ ሐይቆች ናቸው። በመሃል ቁጥር ስፍር የሌለው ኩሬ ተበትኗል። ከኩሬዎቹ መሃል ደግሞ ግራጫ የግራናይት ቋጥኞች ብቅ ብቅ ብለዋል።

ውሃው የሚሄደው ወደ ሁለት ባሕር ነው። አብዛኛው ወደ ምሥራቅ ይፈስና በሎክ ራኖክና በቴይ ወንዝ አድርጎ ሰሜን ባሕር ይገባል። በምዕራቡ ጠርዝ ላይ የዘነበው ግን በኤቲቭ ወንዝ በኩል አትላንቲክ ይደርሳል።

እንዴት ተፈጠረ?

ከሥር ያለው ግራናይት ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቅርጹን የሰጠው ግን በረዶ ነው። ከ12,900 እስከ 11,700 ዓመት ገደማ በፊት ከባድ ብርድ ተመልሶ መጣ። ራኖክ ላይ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር የበረዶ ግግር ተከመረ። ከዚህ ማዕከል ወደ ግሌንኮ፣ ወደ ሎክ ሎሞንድ፣ ወደ ሎክ ራኖክ እየተንሸራተተ ሸለቆዎቹን ቦረቦራቸው።

ሲቀልጥ ተሸክሞት የነበረውን ድንጋይና ጠጠር እዚያው ጥሎት ሄደ። ያ ጉብታ ሆነ። በጉብታዎቹ መሃል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ያዘ። ውሃው መውጫ አጣ፣ ዝናቡ ደግሞ አላቋረጠም። ረግረጉ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ፒት የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ የተከማቸ የእጽዋት ቅሪት ነው። ሲያዩት ጥቁር ቡናማ አፈር ይመስላል። እፍኝ ወስዳችሁ ብትጨምቁት ቡናማ ውሃ ይወርድና መዳፋችሁ ላይ ክር ክር የሚል ነገር ይቀራል። ያ ክር ከመቶዎች ወይም ከሺህ ዓመታት በፊት የበቀለ ተክል ነው።

ዋናው ሠሪው ስፋግነም ይባላል። ሥር የሌለው፣ ለስላሳና ትንሽ ተክል ነው። ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ዙሪያውንም አሲዳማ ያደርገዋል። አየር በሌለበትና አሲድ በበዛበት ውሃ ውስጥ አብስባሽ ተሕዋስያን ሥራቸውን በደንብ አይሠሩም። ስለዚህ ከላይ ያድጋል፣ ከታች ይሞታል፣ የሞተው ግን አይጠፋም። የሚጨምረው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ለመሙላት 1,000 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ለማገዶ የሚቆፍረው ሰው ግን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል።

ይህን ያህል የሚወራለት በካርቦኑ ነው። ከስኮትላንድ መሬት ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነው ፒት ነው። 1.6 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን እንደያዘ ይገመታል። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ካርቦኑ ባለበት ይቀመጣል። ሲደርቅ ግን አየር ይገባዋል፣ መበስበስ ይጀምራል፣ ካርቦኑም ወደ ሰማይ ይወጣል። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ተራራውን ነው። ለእኔ ግን የቦታው ትልቁ ሀብት ከእግር በታች ያለው ነው።

ለምን ዛፍ የለውም?

ነበረው። ዝናብና ነፋስ ፒቱን በሸረሸረበት ቦታ የጥንት ጥድ ጉቶዎች ብቅ ይላሉ። ሥራቸው በየአቅጣጫው እንደተዘረጋ ነው፤ እንጨቱ ግራጫ ሆኗል እንጂ አልፈረሰም። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት አየሩ እየረጠበ ሲሄድ ረግረጉ ተስፋፋና ጥዱ ተሸነፈ። ስለዚህ ዛፉን የጨረሰው ሰው ብቻ ነው የሚለው ወሬ ሙሉ እውነት አይደለም።

ሰውም ግን ድርሻ አለው። የተረፈውን ቆርጧል፣ አቃጥሏል፣ በግ አስግጦበታል፣ በኋላም አጋዘን አብዝቶበታል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከመንገዱ ዳር ቆማችሁ ሎክ ባን ተመልከቱ። ዳርቻው ራቁቱን ነው። ሐይቁ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ግን ዛፍ አላቸው። ልዩነቱ በግና አጋዘን እንደልባቸው አለመድረሳቸው ነው። የጥንቱ ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ሎክ ራኖክ ደቡብ ዳርቻ ይሂድ። ብላክ ዉድ የሚባለው የጥድ ደን አሁንም እዚያ አለ።

ምን ምን ይበቅልበታል?

ሄዘር የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ በብዛት አለ። በኦገስት ሲያብብ ደረቅ ደረቁ ቦታ ሐምራዊ ይለብሳል። እርጥብ ቦታው ላይ የጥጥ ሣር አለ፤ በበጋ መጀመሪያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ራስ ያወጣል። ቦግ ሚርትል የሚባለው ቁጥቋጦ ቅጠሉ ሲታሽ ደስ የሚል ሽታ አለው። ያገሬው ሰው ትንኝ ለማባረር ይጠቀምበት ነበር።

ጎንበስ ብሎ መፈለግ የሚገባው ግን ሰንዲው ነው። ቅጠሉ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ዙሪያው ቀያይ ጸጉር ነው። በእያንዳንዱ ጸጉር ጫፍ ላይ ጠል የመሰለ ጠብታ ታበራለች። ጠብታዋ ጠል ሳትሆን ሙጫ ነች። ትንኝ ሲያርፍባት ይጣበቃል። ሲፍጨረጨር ሌሎቹ ጸጉሮች ቀስ እያሉ ይታጠፉበትና ተክሉ ቀልጦ እስኪያልቅ ይበላዋል። ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። ፒት ውስጥ ናይትሮጅን እንደልብ ስለማይገኝ ከነፍሳት ይወስዳል።

በስሙ የሚጠራ ተክልም አለ፣ ራኖክ ራሽ ይባላል። ከመላው ብሪታንያ በዱር የሚገኘው እዚህ አካባቢ ብቻ ነው። መልኩ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ቢጫማ አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ ሣር መሳይ ነገር ነው። አይታችሁ ዝም ብላችሁ ብታልፉት አይፈረድባችሁም።

የባሌውን ሳነቴ ይመስላል ይባላል። እውነት ዝምድና አላቸው?

በመልክ ብቻ ሳይሆን በዘርም የሚገናኙበት ነገር አለ። በባሌና በሰሜን ተራሮች የምናውቀው አስታ የኤሪካ ወገን ነው። ራኖክ ላይ ከሄዘሩ ጎን የሚበቅሉት፣ ደወል የመሰለ ትንሽ አበባ ያላቸው ተክሎችም ኤሪካ ናቸው። ሄዘሩ ራሱ የዚያው ቤተሰብ ነው። አስታው ዛፍ ያህላል፣ የስኮትላንዶቹ ግን ከጉልበት አይዘሉም። ወርቃማ ንስርም በሁለቱም አገር ይኖራል፤ የባሌው ከዘመዶቹ ርቆ ወደ ደቡብ የወረደ ነው።

ልዩነቱ ከፍታው ላይ ነው። ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ ነው። ራኖክ 300 ሜትር ላይ ሆኖ እንዲህ የሚበርደው ወደ ሰሜን በጣም ስለራቀ ነው። ሳነቴ ላይ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ ነው። ራኖክ ላይ ደግሞ ክረምቱ ወራት ይፈጃል። እና ቀይ ቀበሮ አትጠብቁ።

ምን እንስሳትና ወፎች ይታያሉ?

ቀይ አጋዘን ሳያዩ መመለስ ይከብዳል። በተለይ በክረምት ወደ መንገዱ ይወርዳሉ። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ወንዶቹ ለሴቶቹ ሲፎካከሩ የሚያሰሙት ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። ለማያውቀው ሰው ያስደነግጣል። የተራራ ጥንቸል በክረምት ነጭ ትሆናለች። ሐይቆቹ ዳር ኦተር የሚባለው ዓሣ አዳኝ የውሃ እንስሳ አለ፣ ለመታየት ግን ፈቃደኛ አይደለም። ፀሐይ በወጣ ቀን እፉኝት ድንጋይ ላይ ተጠቅልላ ልትገኝ ትችላለች። በስኮትላንድ ያለችው መርዛማ እባብ እሷ ብቻ ነች። ካልረገጧት ሰው አትፈልግም።

ከወፎቹ ቀይ ግራውዝ የቆቅ ዘመድ ነው። ከእግራችሁ ሥር ድንገት ተነስቶ እየጮኸ ይበራል። ወርቃማ ንስር ከላይ ሲያንዣብብ ማየት ዕድል ይጠይቃል። በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ በመላው ስኮትላንድ 508 ጥንዶች ተገኝተዋል። ሐይቆቹ ላይ ጉሮሮው ጥቁር የሆነ፣ ዳይቨር የሚባል ጠላቂ የውሃ ወፍ ይራባል። ጎጆውን ውሃው ጫፍ ላይ ስለሚሠራ ሰው ሲጠጋው እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል። በሜይና በጁን ከሐይቅ ዳር ራቅ ማለት ጥሩ ነው።

ተኩላስ?

የለም። የመጨረሻው የስኮትላንድ ተኩላ በ1680 ኪሊክራንኪ ላይ በሰር ዩዊን ካሜሮን ተገደለ ይባላል። ሌላ ዓመትና ሌላ ገዳይ የሚጠሩም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ዛሬ ትልቅ አጋዘን የሚያድን አውሬ የለም። አዳኙ የሰው ጠመንጃ ነው።

ሚጅ የምትባለው ትንኝ ያን ያህል ታስቸግራለች?

አዎ። መጠኗ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብቻዋን ግን አትመጣም። ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር፣ ነፋስ በሌለበት ርጥብ ጠዋትና ምሽት ላይ ደመና ሆና ትመጣለች። የምትነክሰው ሴቷ ነች። የምታገኛችሁ በምትተነፍሱት አየር ነው፤ አንዷ ከነከሰች ሌሎቹን ትጠራለች።

ደካማ ጎኗ ነፋስ ነው። ነፋሱ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር ካለፈ መብረር ያቅታታል። ስለዚህ ድንኳን የሚተከለው ከጉብታ ላይ እንጂ ከተከለለ ጎድጓዳ ቦታ አይደለም። የራስ መረብ ግዙ። ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን ሕይወት ያድናል።

እንዴት ይኬዳል? መቼ ይሻላል?

ቀላሉ ባቡር ነው። ከግላስጎው ኩዊን ስትሪት ተነስቶ ራኖክ ጣቢያ ለመድረስ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቀጣዩ ጣቢያ ኮሩር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 408 ሜትር ላይ ስላለ በብሪታንያ ዋና የባቡር መስመር ላይ ከፍተኛው እሱ ነው። ኮሩር የሕዝብ መኪና መንገድ አይደርስበትም። በቀን የሚያልፉት ባቡሮች ጥቂት ስለሆኑ የመመለሻውን ሰዓት ሳታረጋግጡ አትውረዱ። ከለንደን የሚነሳው የሌሊት ባቡርም በሁለቱም ይቆማል።

በመኪና የሚሄድ ሰው ኤ82 የሚባለውን መንገድ ይይዛል። ምዕራቡን ጫፍ አቋርጦ ግሌንኮ ይገባል። በእግር ለሚሄድ ደግሞ በ1980 የተከፈተው ዌስት ሃይላንድ ዌይ አለ። ጠቅላላ ርዝመቱ 154 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሩን የሚያቋርጠው ክፍል ከኢንቨሮራን እስከ ኪንግስ ሃውስ ሆቴል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ መጠለያ የለውም።

ሜይ ጥሩ ነው፤ ቀኑ ረዝሟል፣ ሚጅዋ ገና አልበረታችም። ሐምራዊውን ለማየት ኦገስት ነው። በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዲሴምበር ግን ብርሃኑ 7 ሰዓት ቢቆይ ነው።

ባቡሩ ረግረግ ላይ እንዴት ቆመ?

ተንሳፎ ነው ቢባል ይቀላል። መሠረት ለመጣል ሲቆፈር ፒቱ ማለቂያ አልነበረውም፣ የተጣለበትን ሁሉ ይውጥ ነበር። መሐንዲሶቹ መጨረሻ ላይ የዛፍ ሥርና ቅርንጫፍ እያሰሩ ምንጣፍ አነጠፉ። በላዩ በሺዎች ቶን የሚቆጠር አፈርና አመድ ደፉበት። ሐዲዱ ያረፈው በዚያ ላይ ነው። መስመሩ በኦገስት 1894 ተከፈተ። እስካሁን ባቡር ይሄድበታል።

ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ግን ይበልጥ ይገርማል። በጃንዋሪ 1889 መስመሩን ለማየት ሰባት ሰዎች ሙሩን በእግር ለማቋረጥ ተነሱ። መሐንዲሶች፣ የሕግ ሰው፣ የርስት አስተዳዳሪና ሥራ ተቋራጩ ሮበርት ማክአልፓይን ነበሩበት። ጉዞው 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የለበሱት የከተማ ልብስ ነው፤ ጃንጥላ ይዘዋል። በጥር ብርድ! ጨለማና ዝናብ መሃል ላይ ያዛቸው። አቅም አጥተው ተበታተኑ፣ አንዱ በአጥር ሽቦ ተጠልፎ ወድቆ ራሱን ሳተ። እረኞች ደርሰው ባያወጧቸው ኖሮ ሐዲዱ ከመጀመሩ በፊት ቀብር ይቀድም ነበር። በማግስቱ አካባቢውን የበረዶ ውሽንፍር አለበሰው።

ሥራው ገንዘብ ሲያልቅበት ጄምስ ሬንተን የሚባል የኩባንያው ዳይሬክተር ከራሱ ሀብት ሰጥቶ አተረፈው። ሠራተኞቹ ውለታውን አልረሱም። ራኖክ ጣቢያ ላይ፣ በመድረኩ ጫፍ፣ ፊቱን ከትልቅ ቋጥኝ ፈልፍለው አቁመውታል። ባለሙያ ቀራጭ እንዳልነካው ያስታውቃል። ባቡሩ ከቆመ ወርዳችሁ እዩት።

ያለ ፈቃድ መራመድና ድንኳን መትከል ይቻላል?

ይቻላል። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንኛውም ሰው በኃላፊነት እስከተጓዘ ድረስ በግል መሬት ላይም እንዲራመድና እንዲያድር መብት ይሰጠዋል። በእንግሊዝ እንዲህ ዓይነት ሰፊ መብት የለም። ቆሻሻ አትጣሉ፣ እሳት ፒት ላይ አታንድዱ፣ ውሻ እሰሩ። ፒት ላይ የተነሳ እሳት ከሥር ለሥር እየተጓዘ ለቀናት ሊጨስ ይችላል። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር የአጋዘን አደን ስለሚበረታ፣ የትኛው ተራራ ላይ እንደሚታደን ቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

አደገኛ ነው?

ከመንገዱ ካልወጡ ብዙም አይደለም። ከወጡ ግን ጭጋግ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም አቅጣጫ አንድ ያደርገዋል። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም። ወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይያዙ፣ አጠቃቀሙንም ይልመዱ። ደማቅ አረንጓዴ የሆነ፣ ለስላሳና የሚያምር ቦታ ስታዩ አትርገጡት። ውሃ ላይ የተዘረጋ ስፋግነም ነው። ሄዘር የበቀለበት ጠንከር ይላል። ችግር ከደረሰ 999 ደውሎ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድን መጠየቅ ነው።

እዚህ ቦታ ሰው ኖሮበት ያውቃል?

ኖሮበታል፣ አልፎበታል፣ ተደብቆበታል። በዳር ዳሩ የሃይላንድስ ገበሬዎች በበጋ ከብታቸውን ይዘው ወጥተው ጎጆ ቀልሰው ይከርሙ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብት ነጂዎች ከብቱን በዚህ አድርገው ወደ ፎልከርክ ገበያ ይነዱ ነበር። ኪንግስ ሃውስ የነሱም ማደሪያ ነበር።

ረግረጉ የሚጠቅመው መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ነው። በ1603 የማክግሬጎር ጎሳ ስሙን እንዳይጠራ በሕግ ተከለከለ። ማክግሬጎር ነኝ ማለት እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ራኖክ ሸሹ። ክልከላው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው በ1774 ነው። ከሙሩ በስተምዕራብ ግሌንኮ ውስጥ ደግሞ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1692 የመንግሥት ወታደሮች 38 የማክዶናልድ ሰዎችን ገደሉ። ሰበቡ የጎሳው አለቃ ለንጉሥ ዊሊያም የታማኝነት መሐላ ዘግይቶ መፈጸሙ ነው። እስከዛሬ የሚያስቆጨው ግን ሞቱ ብቻ አይደለም። ወታደሮቹ ለ12 ቀን ያህል በነዚያው ሰዎች ቤት በእንግድነት ተቀምጠው፣ ቤት ያፈራውን ሲቀምሱ ነበር የሰነበቱት። ያመለጡትም ብዙዎቹ በተራራው ብርድ አለቁ።

ያኮባውያን የሚባሉት፣ የስቱዋርት ነገሥታትን ወደ ዙፋን ለመመለስ ያመፁት ሰዎች በ1746 ከተሸነፉ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። መንግሥት የጦር መንገድ ዘረጋ፣ ኪንግስ ሃውስም የወታደር ማደሪያ ሆነ ይባላል። ባለርስቶች ከጭሰኛ ይልቅ በግ ያዋጣል ብለው በመላው ሃይላንድስ ሰውን ከመሬቱ አፈናቀሉ። የሱፍ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ በጉ ወጥቶ አጋዘን ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባልሞራል የሚባለውን የሃይላንድስ ርስት ከወደደች ወዲህ አጋዘን ማደን የባለጸጋ ፋሽን ሆነ። ዛሬ ጎብኚ ንጹሕ ዱር ነው ብሎ የሚያደንቀው ባዶነት ግማሹ የበረዶው፣ ግማሹ የባለርስቶቹ ሥራ ነው።

ኩሎደን ሙር እዚሁ ነው?

አይደለም። ኩሎደን ወደ ሰሜን ርቆ ኢንቨርነስ አጠገብ ነው። በኤፕሪል 16 ቀን 1746 ያኮባውያን የተሸነፉበት ጦርነት የተካሄደው እዚያ ነው፤ አንድ ሰዓት አልሞላም።

ሄዘሩን ለምን ያቃጥሉታል?

ለግራውዝ ሲባል ነው። ወፉ የሚበላው ለጋ ሄዘር ነው፣ የሚደበቀው ደግሞ ረጅሙ ውስጥ። ስለዚህ በየቦታው ትንሽ ትንሽ እየተቃጠለ ለጋውና ያረጀው ጎን ለጎን እንዲበቅል ይደረጋል። ግራውዝ የሚታደነው ከኦገስት 12 እስከ ዲሴምበር 10 ነው። ማቃጠሉ የሚበዛው በምሥራቅና በደቡብ ስኮትላንድ ደረቅ ሙሮች ላይ እንጂ እንደ ራኖክ ባለ ርጥብ ቦታ አይደለም።

ክርክሩ ከባድ ነው። ደጋፊዎቹ ሥራ ይፈጥራል፣ የሰደድ እሳትም ይቀንሳል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ፒቱን ያደርቃል፣ ከዚህም በላይ በግራውዝ መሬቶች ላይ ንስሮች ሕገወጥ በሆነ መንገድ ይገደላሉ ይላሉ። የ2024ቱ ሕግ ግራውዝ ማደንም ሄዘር ማቃጠልም በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ፒቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለግራውዝ ሲባል ማቃጠል አይፈቀድም። እኔ በበኩሌ ርጥብ ፒት ላይ እሳት መልቀቅ ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ ካርቦን ለመቀነስ ዛፍ ቢተከልበት አይሻልም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ጥልቅ ፒት ላይ ዛፍ ለመትከል መጀመሪያ ቦይ ቆፍሮ ማድረቅ ያስፈልጋል። ፒቱ ሲደርቅ የሚለቀው ካርቦን ዛፉ ከሚይዘው ሊበልጥ ይችላል። ይሄ በተግባር ታይቷል። በ1980ዎቹ በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ፍሎው ካንትሪ በሚባለው ረግረግ ላይ፣ ባለሀብቶች የግብር ቅናሽ ለማግኘት ሲሉ ጥድ ተከሉ። ቅናሹ በ1988 ተነሳ። ዛሬ ያን ጥድ እየቆረጡ ቦዮቹን እየደፈኑ ነው። ፍሎው ካንትሪ በጁላይ 2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በረግረግነቱ ብቻ የተመዘገበ የመጀመሪያው ቦታ ነው።

የስኮትላንድ መንግሥትም በ2020 ለፒት ማገገሚያ 250 ሚሊዮን ፓውንድ በ10 ዓመት ውስጥ እንደሚያወጣና እስከ 2030 ድረስ 250,000 ሄክታር እንደሚያድስ ቃል ገብቷል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ኤክስካቫተር ቦዩን በራሱ በፒት ይደፍነዋል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ስፋግነሙ ተከትሎ ይመጣል።

ዛፍ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ፒቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች በሆነበት ጎንና በወንዝ ዳር ያገሩ ጥድና በርች ቢመለስ ሁሉም ይስማማል። የማይስማሙት በአጋዘኑ ነው። ቁጥሩ ካልቀነሰ ችግኝ አያድግም። አደን ይብዛ ሲባል በአደን የሚተዳደረው ሰው ቅር ይለዋል። አጥር ይታጠር ሲባል ደግሞ ጥቁር ግራውዝና ካፐርኬይሊ ሲበሩ ሽቦውን ሳያዩት ተጋጭተው ይሞታሉ። ለዚህ ነው በአንዳንድ አጥሮች ላይ ወፎቹ ከሩቅ እንዲያዩት የእንጨት ጣውላ በየሜትሩ ታስሮ የምታገኙት።